በአሮጌ ኮሮላ ላይ የተገጠመ የቀዝቃዛ አየር መሳቢያ፦ ከጅማ አንድ የጉዳይ ጥናት

መነሻ

ይህ ጽሑፍ በ2016 ዓ.ም. ከመጋቢት እስከ ሐምሌ፣ ጅማ ከተማ በምንሠራበት ጋራዥ ያስተናገድነውን አንድ ጉዳይ ይመዘግባል። ጉዳዩ ትንሽ ነው። አንድ ወጣት ባለመኪና ለአሮጌ ኮሮላው ከውጭ የመጣ የአየር መሳቢያ ቱቦና ፊልትሮ አስገጠመ፤ መኪናው ግን ጉልበት በመጨመር ፈንታ ችግር ላይ ችግር ደራረበ። በአራት ወር ውስጥ የመኪናውን አየር መሳቢያ ደጋግመን ፈትተን ገጠምን፤ አንዱን ጊዜማ በራሳችን ስሕተት ሞተሩን ልናጣው ነበር። መጀመሪያ ማየት የነበረብንን ነገር ያየነው መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ ተመሳሳይ ሥራ ለሚመጣባቸው የሙያ ባልደረቦቼ ይጠቅም ይሆናል ብዬ እንደሆነው አድርጌ ጽፌዋለሁ። የባለመኪናውንም ሆነ ቱቦውን መጀመሪያ የገጠመውን ባለሙያ ስም አላነሳም።

መኪናውና ባለቤቱ

መኪናው እ.ኤ.አ. በ2004 የተሠራ፣ 1.6 ሊትር ቪቪቲ-አይ ሞተር ያለው፣ በእጅ ማርሽ የሚነዳ ቶዮታ ኮሮላ ነው። ወደ እኛ ሲመጣ ቆጣሪው ከ287,000 ኪሎ ሜትር በላይ ያሳይ ነበር። ባለቤቱ መኪናውን ከአጎቱ የገዛው ሲሆን፣ ከቡና ሥራ ጋር በተያያዘ በሳምንት ሦስትና አራት ቀን ጅማና አጋሮ ይመላለስበታል። ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ቡና ማሳዎች በሚወስዱት የጠጠር መንገዶችም ብዙ ይነዳዋል። በበጋ የእነዚያ መንገዶች ቀይ አቧራ መኪናው ውስጥ ያለውን ነገር ሁሉ አንድ ቀለም ያደርገዋል።

ቅሬታው ዳገት ላይ ጉልበት ማጣት ነበር። ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በሚወጣው ዳገት ላይ ቀድሞ በሦስተኛ ማርሽ ይወጣ የነበረው መኪና ወደ ሁለተኛ ካልተቀነሰለት አይወጣም። በአንጻሩ ወደ አዲስ አበባ ሲጓዝ ግቤ ሸለቆ ሲደርስ መኪናው «ነፍስ እንደሚዘራ» ባለቤቱ አስተውሏል። ይህን ያነሳው ሞተሩ ጤነኛ መሆኑን ለማስረዳት ነው፤ ትዝብቱ ትክክል ነበር፣ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው።

ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር አካባቢ ላይ የምትገኝ ሲሆን፣ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው በአምስት አንድ ያህል ይቀንሳል። ቱርቦ (አየርን በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር የሚስበው የአየር ክብደት በዚያው ልክ ስለሚያንስ፣ ፋብሪካው 110 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ጅማ ላይ የሚሰጠው ወደ 90 የሚጠጋ ነው። ግቤ ሸለቆ ደግሞ 1,100 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኑ፣ ሙቀቱ የሚቀንሰው ተቀንሶም አየሩ ከጅማው ይወፍራል። ይህን ለባለመኪናው አስረድቼዋለሁ፤ ከፍታን የሚሽር ቱቦ እንደሌለም ነግሬዋለሁ። ይሁን እንጂ መኪናው ዕድሜውን ሙሉ ጅማ የኖረ ስለሆነ፣ ከፍታው ብቻውን «ቀድሞ ይወጣ የነበረውን ዳገት ዛሬ ለምን አቃተው?» የሚለውን ጥያቄ አይመልስም። እኛም ያን ጊዜ ጥያቄውን በዚህ መልክ አላነሳነውም።

የተገጠመው ዕቃ

ባለመኪናው ጉልበት ይጨምርልኛል ብሎ ጥር ላይ አንድ ዘመዱ ከዱባይ የላከለትን ዕቃ በሌላ ቦታ አስገጠመ። ዕቃው ውስጡ 70 ሚሊ ሜትር የሆነ የአሉሚኒየም ቱቦ፣ በዘይት የሚርስ ቀይ የጥጥ ፊልትሮ (ቅርጹ ሾጣጣ ነው)፣ ሁለት የሲሊኮን ማያያዣና አራት ፋሼታ (ማጥበቂያ ቀለበት) ነበረው። ለየትኛው መኪና እንደተሠራ አይገልጽም፤ ለሁሉም ይሆናል ተብሎ የሚሸጥ ዓይነት ነው።

የገጠመው ባለሙያ የፋብሪካውን የፊልትሮ ሳጥን ሙሉ በሙሉ አውጥቶ ቱቦውን በቦታው አደረገ፤ የቱቦውን ጎን በስቶ የአየር መጠን ሴንሰሩን፣ በጋራዥ ቋንቋ «ማፉን»፣ በቀዳዳው ሰካው። ፊልትሮውን ከባትሪው ጎን ኮፈኑ ሥር አስቀመጠው። ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) ክዳን ወጥቶ ወደ አየር መሳቢያው ይገባ የነበረውን የሞተር መተንፈሻ ቱቦ ደግሞ አዲሱ ቱቦ መግቢያ ስላልነበረው ጫፉን ጨርቅ አስሮ ክፍት ተወው።

ባለመኪናው ግን ደስተኛ ነበር። ለሌላ ጉዳይ ጋራዣችን በመጣ ጊዜ ሞተሩን እያስጮኸ «ጋሼ፣ ድምፁን ይስሙት እንጂ» ያለኝ ትዝ ይለኛል። ድምፁ በእርግጥ ተለውጧል። የፋብሪካው ሳጥን ከሚሠራቸው ሥራዎች አንዱ የሞተሩን የመሳብ ድምፅ ማፈን ስለሆነ ሳጥኑ ሲወጣ ድምፁ ይወጣል፤ ነጂው ደግሞ ድምፁን እንደ ጉልበት ይሰማዋል።

ችግሩ

መጋቢት አጋማሽ ላይ የቼክ ኢንጂን መብራት በርቶ መጣ። ሚኒሞው (ቤንዚን ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ እያለ ይዋልላል፤ ጠዋት ሲነሳ ይንተፋተፋል፤ ዳገት ላይ ቤንዚን ሲሰጠው ቅጭ ቅጭ የሚል የማንኳኳት ድምፅ ያሰማል። ባለመኪናው ፊልትሮው ቆሽሾ እንደሆነ ገምቶ ከመምጣቱ በፊት በቤንዚን አጥቦት ነበር። ለጥጥ ፊልትሮ የተዘጋጀው ዘይት ጅማ ላይ ስላላገኘ የሞተር ዘይት ቀብቶ መልሶታል።

የመጀመሪያው ምርመራ

የሞተሩን ኮምፒውተር በሚያነበው ዲያግኖስቲክ መሣሪያ ያገኘነው የችግር ኮድ ፒ0171 ነው፤ ትርጉሙም ከአየሩ አንጻር ቤንዚኑ አንሷል ማለት ነው። የሞተሩ ኮምፒውተር የቤንዚኑን መጠን ለማስተካከል የሚጨምረው መቶኛ ለረጅም ጊዜው +25፣ ለአጭር ጊዜው ሌላ +9 ላይ ነበር። በጤነኛ መኪና እነዚህ ቁጥሮች ወደ ዜሮ ተጠግተው፣ ቢበዛ በ10 ውስጥ እንዲቆዩ ይጠበቃል። ኮምፒውተሩ የሚችለውን ያህል ቤንዚን እየጨመረ አሁንም አልበቃውም ማለት ነው።

ምክንያቱ አንድ አልነበረም፤ ሦስት ነገሮች ተደራርበዋል።

ዋናው የቱቦው ስፋት ነው። የአየር መጠን ሴንሰር የሞተሩን አየር በሙሉ አይለካም። በአጠገቡ የሚያልፈው አየር የጋለችውን ቀጭን ሽቦ ምን ያህል እንደሚያቀዘቅዛት ይለካል፤ ኮምፒውተሩ ከዚያ ተነሥቶ በዚያ ስፋት ባለው ቱቦ ውስጥ ያለፈውን ጠቅላላ አየር ያሰላል። የፋብሪካውን የሴንሰር ማቀፊያ ከባለቤቱ ቤት አስመጥተን በካሊፐር (የስፋት መለኪያ መሣሪያ) ስንለካው የውስጥ ስፋቱ 60 ሚሊ ሜትር ሆነ። ከ60 ወደ 70 መሄድ ለዓይን ትንሽ ይመስላል፤ አየሩ የሚያልፍበት ክበብ ግን በ36 በመቶ ይሰፋል። ያው መጠን ያለው አየር በሰፊው ቱቦ ውስጥ ቀስ ብሎ ስለሚያልፍ ሴንሰሩ ከእውነቱ ያነሰ ይናገራል፣ ኮምፒውተሩም ያነሰ ቤንዚን ይረጫል። በሚኒሞ ላይ ሴንሰሩ በሴኮንድ 1.6 ግራም ያነብ የነበረ ሲሆን፣ በኋላ በፋብሪካው ማቀፊያ ላይ ሲመለስ 2.3 አነበበ። የማንኳኳቱም ድምፅ ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ኮምፒውተሩ አየሩ አነስተኛ መሆኑን ሲያምን ሞተሩ ሸክም እንደሌለበት ቆጥሮ የካንዴላውን (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ዕቃ) እሳት ያስቀድማል፤ ቤንዚኑ ባነሰበት ዳገት ላይ እሳቱ ሲቀድም ሞተሩ ያንኳኳል።

ሁለተኛው ክፍት የተተወው የመተንፈሻ ቱቦ ነው። በዚህ ቱቦ የሚገባው አየር ሴንሰሩን ሳያልፍ በቀጥታ ወደ ሞተሩ ስለሚሄድ ማንም አይቆጥረውም። ቱቦውን በፒንሳ ቆንጥጠን ስንይዘው የአጭር ጊዜው ቁጥር ዓይናችን እያየ ከ+9 ወደ +2 ወረደ፤ ሚኒሞውም ወዲያው ተረጋጋ።

ሦስተኛው ሴንሰሩ ራሱ ነው። ከቀዳዳው ነቅለን ወደ ብርሃን ስናወጣው ከፀጉር የማትወፍረው ሽቦ ቡናማ ሽፋን ለብሳለች። ከፊልትሮው የተነሣው የሞተር ዘይት ቀዩን አቧራ ይዞ ሽቦዋ ላይ ደርቋል። ጣቴን ነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ የቱቦውን የውስጥ ግድግዳ፣ ከፊልትሮው አልፎ ባለው በኩል፣ ስጠርገው ጨርቁ የጅማ አፈር መሰለ። ይህ ከሴንሰሩም በላይ አሳሰበኝ። በፊልትሮ ያልተያዘ አቧራ መድረሻው የፒስተን ቀለበትና የሲሊንደር ግድግዳ ነው፤ ያንን ጉዳት ደግሞ መሣሪያው ኮድ አያወጣለትም።

ሴንሰሩን ለዚሁ በተሠራ ስፕሬይ አጸዳነው። የካርቡራተር ማጽጃ ሽቦዋንና ፕላስቲኩን ሊጎዳ ስለሚችል አልተጠቀምንም። የፋብሪካውን ማቀፊያ በሲሊኮን ማያያዣ ከአሉሚኒየሙ ቱቦ ጋር አገናኝተን ሴንሰሩን ወደ ቦታው መለስነው፤ ለመተንፈሻ ቱቦውም ከሴንሰሩ በኋላ መግቢያ አበጀንለት። ኮዱ ተሰርዞ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ከተነዳ በኋላ የረጅም ጊዜው ቁጥር +4 ላይ ረጋ። መብራቱ አልተመለሰም።

የዳገቱ ቅሬታ ግን እንዳለ ነበር።

ሁለተኛው እርምጃና የእኛ ስሕተት

መሣሪያውን መኪናው ውስጥ ይዘን በጅማ መርካቶ አካባቢ ባለው ግርግር ውስጥ ቀስ ብለን ስንነዳ፣ ውጭው 26 ዲግሪ ሳለ ሞተሩ የሚስበው አየር 58 ዲግሪ ደረሰ። «ቀዝቃዛ አየር መሳቢያ» ተብሎ የተሸጠው ዕቃ ከራዲያተሩና ከሞተሩ የወጣውን ትኩስ አየር እየሳበ ነበር ማለት ነው። አየር በየ10 ዲግሪው ሲሞቅ ክብደቱ በ3 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ 32 ዲግሪ ልዩነት ወደ 10 በመቶ የሚጠጋ አየር ያሳጣል። ከፍታው አስቀድሞ ከወሰደብን ላይ ሲጨመር ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ፊልትሮውን ወደ ታች፣ ከፊት ጎማው ፊት ለፊት፣ ከፓራውልቱ (ከፊት መከላከያው) ጀርባ ወዳለው ባዶ ቦታ አወረድነው። ሐሳቡ የእኔ ነበር። ውጤቱ በመሣሪያው ላይ ግሩም ሆነ፤ ሲነዳ የሚስበው አየር ከውጭው በ3 እና በ4 ዲግሪ ብቻ ይበልጣል። ባለመኪናውም ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ መውጣቱን ደውሎ ነገረን።

ጊዜው ሚያዝያ ነበር። ጅማ ዝናብ ለብዙ ወራት የማይለያት ከተማ መሆኗን የሚያውቅ ሰው ፊልትሮ ከመሬት 25 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ አያስቀምጥም፤ እኔ አስቀመጥሁ። ግንቦት መጀመሪያ ላይ ከሰዓት በኋላ ከባድ ዝናብ ጥሎ ባለመኪናው አዌቱ ወንዝ አጠገብ የተጠራቀመ ውኃ ውስጥ ሲገባ፣ ከፊቱ ያለፈ አይሱዙ የገፋው ውኃ ፓራውልቱ ላይ መጣ፤ ሞተሩም ጸጥ አለ። እንደ ዕድል ሆኖ ባለመኪናው ቁልፉን ደጋግሞ አልሞከረም። መጀመሪያ እኛን ደወለ፣ እኛም እንዳይነካው ነገርነው።

ውኃ እንደ አየር አይታመቅም። ሲሊንደር ውስጥ ውኃ እያለ ሞተሩ በስታርተር ቢዞር ፒስተኑ ውኃው ላይ ይቆማል፣ የሚጎብጠው ፒስተኑን የያዘው ዘንግ፣ ቢዬላው፣ ነው። መኪናውን አስጎትተን ካስገባን በኋላ አራቱንም ካንዴላ አውጥተን ሞተሩን አዞርነው፤ ከሦስተኛው ሲሊንደር በሻይ ማንኪያ የሚለካ ውኃ ተረጨ። ቀጥሎ በካንዴላው ቀዳዳ ቀጭን ዘንግ እያስገባን እያንዳንዱ ፒስተን ጫፍ ሲደርስ የሚቆምበትን ከፍታ አወዳደርን፤ ቢዬላው የጎበጠ ፒስተን ከሌሎቹ ዝቅ ብሎ ይቆማልና። አራቱም እኩል ነበሩ። ኮምፕሬሽኑም (በየሲሊንደሩ የሚታመቀው ግፊት) ሲለካ በአራቱ መካከል የጎላ ልዩነት አልነበረውም። ዘይቱ ውስጥ የነጣ ነገር ባይታይም ዘይቱንና ፊልትሮውን ለወጥን። ሞተሩ ተረፈ። የዚያን ዕለት የሥራ ዋጋ አልጠየቅንም፤ ስሕተቱ የእኛ ነበርና።

ያልታየው ክፍል

ከዚህ በኋላ ባለመኪናው የፋብሪካው ሳጥን እንዲመለስ ተስማማ። ሳጥኑን ከቤቱ ዕቃ ማስቀመጫ በማዳበሪያ ከረጢት አምጥቶ ሰጠን። ስንከፍተው የወረቀት ፊልትሮው አሁንም ውስጡ ነበር፤ እጥፋቶቹ በአቧራ ተሞልተው የወረቀቱ ቀለም አይለይም። ይህ ለዳገቱ ቅሬታ አንድ ምክንያት ሊሆን ይችላል። የተዘጋ ፊልትሮ በዚህ ዓይነት መኪና ላይ የቤንዚን ፍጆታን እምብዛም አይለውጠውም፤ ኮምፒውተሩ የሚረጨው ለገባው አየር ያህል ነውና። ሞተሩ ሙሉ አየር በሚፈልግበት ዳገት ላይ ግን ጉልበት ይነሳል።

ልጆቹ ሳጥኑን ሊገጥሙት ሲሉ አንደኛው ተለማማጅ «ጋሼ፣ ይሄ ቀዳዳ ምን የሚገባበት ነው?» አለኝ። ሳጥኑ ላይ አየር የሚገባበት አፍ ባዶውን ተከፍቷል። ፋብሪካው በዚያ አፍ ላይ፣ ከፊት መብራቱ ኋላ አልፎ ከሞተሩ ክፍል ውጭ ያለውን አየር የሚስብ የፕላስቲክ ቱቦ ገጥሞ ነበር፤ ያ ቱቦ የለም። ባለመኪናውን ስንጠይቀው መኪናው በአጎቱ ዘመን በቀኝ በኩል ተጋጭቶ ፓራፋንጎውና (የጎማው መሸፈኛ ላሜራና) መብራቱ መቀየራቸውን አስታወሰ። ቱቦው ያኔ ተሰብሮ ሳይተካ የቀረ ይመስላል። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ መኪናው ከኮፈኑ ሥር ያለውን ትኩስ አየር በተዘጋ ፊልትሮ በኩል ሲተነፍስ ኖሯል።

በአጭሩ፣ ኮሮላው ከፋብሪካ ሲወጣ ቀዝቃዛ አየር መሳቢያ ነበረው። ባለመኪናው ከዱባይ ያስመጣው ዕቃ የተካው ይህንኑ የጠፋ የክንድ ርዝመት ያለው ፕላስቲክ ነበር፤ ያውም በባሰ ሁኔታ። ቱቦውን ከተበተነ ኮሮላ ላይ አግኝተን ገጠምነው፤ አዲስ የወረቀት ፊልትሮም አስገባን።

ምን ሠራ፣ ምን አልሠራም

እርግጠኛ ለመሆን ሰኔ ላይ አራት እሑድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ መንገዱ ጭር ሲል፣ አንድ ቀጥ ያለ የአስፋልት ክፍል መረጥን። መኪናውን በሦስተኛ ማርሽ ከ40 ወደ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለማድረስ የሚፈጀውን ጊዜ በስልክ ለካን፤ በየሁኔታው ሦስት ጊዜ በመሄድ፣ ሦስት ጊዜ በመመለስ። ቀድሞ የነበረውን ሁኔታም ሆን ብለን አሮጌውን ፊልትሮ መልሰን፣ ቱቦውን ነቅለን ፈጠርነው።

በቀድሞው ሁኔታ አማካዩ 9.8 ሴኮንድ ሆነ። የጥጥ ፊልትሮው ኮፈን ሥር ሆኖ፣ ሴንሰሩ ግን በፋብሪካው ማቀፊያ ላይ ሲሆን 9.6 ሆነ። በፓራውልቱ ጀርባ ሲሆን (በደረቅ ቀን ብቻ) 9.2፣ የፋብሪካው ሳጥን ከነቱቦውና ከአዲስ ፊልትሮ ጋር ደግሞ 9.1 ሆነ። በእጅ የሚያዝ ልኬት በ0.2 ሴኮንድ ያህል ሊሳሳት ስለሚችል የመጨረሻዎቹ ሁለቱ እኩል ናቸው ብሎ መውሰድ ይገባል። በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል ያለው ልዩነት ግን ከስሕተቱ በላይ ነው፣ ነጂውም ይሰማዋል።

የሠራው ሴንሰሩን ወደ ማቀፊያው መመለስ፣ የመተንፈሻ ቱቦውን ማገናኘት፣ የጠፋውን ክፍል መተካትና ፊልትሮውን መለወጥ ነው። ያልሠራው ሰፊው ቱቦ ነው። ይህ ሞተር የሚፈልገውን አየር የፋብሪካው 60 ሚሊ ሜትር ያለችግር ያሳልፋል፤ ካም (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ)፣ ኤግዞስትና የኮምፒውተሩ ፕሮግራም ባልተለወጡበት ሁኔታ ቱቦ ብቻ ማስፋት ዋጋ የለውም። ድምፁን በተመለከተ ባለመኪናው አሁንም ቅር ይለዋል፤ ይህን ልንክሰው አልቻልንም።

ለሌሎች ጋራዦች የሚተርፍ

ጉልበት አነሰኝ የሚል ደንበኛ ሲመጣ፣ ማንኛውም ዕቃ ከመጨመሩ በፊት መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ሁሉ በቦታው መኖሩን ማየት ይገባል። በእኛ አገር አብዛኛው አሮጌ መኪና ቢያንስ አንድ ጊዜ ተጋጭቶ በላሜራ ሠሪ እጅ ያለፈ ነው፤ ሲመለስ ቀለሙን እንጂ የጎደለውን ፕላስቲክ የሚጠይቅ የለም። የመብራት ኋላ ቱቦዎች፣ የራዲያተር መሸፈኛዎችና የፓራፋንጎ ውስጥ ሽፋኖች በብዛት የሚጠፉት በዚህ መንገድ ነው።

ደንበኛው ዕቃውን ገዝቶ ከመጣና ይገጠምልኝ ካለ፣ ቁጥሩ ቀድሞ ይመዝገብ፦ የሚስበው አየር ሙቀት፣ የነዳጅ ማስተካከያው መቶኛና በሚኒሞ የሚነበበው የአየር መጠን። እኛ ይህን ሳናደርግ በመጀመራችን ሰኔ ላይ የቀድሞውን ሁኔታ እንደገና መፍጠር ነበረብን። ሴንሰሩ ከራሱ ማቀፊያ እንዳይወጣ፤ ቱቦው የግድ ይቀየር ከተባለም በሴንሰሩ ቦታ ያለው ስፋት ከፋብሪካው ጋር በካሊፐር ይመሳከር።

ፊልትሮን ወደ ታች ማውረድ በጅማና በዙሪያዋ አይመከርም። ላቫጆ ላይ መኪና የሚያጥቡ ልጆች ፓራውልቱን በግፊት ውኃ ሲረጩ ምን ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ብቻ ይበቃል፤ ዝናብ እንኳ አያስፈልግም።

የአጋሮን ዙሪያ የጠጠር መንገድ ለሚነዳ መኪና የወረቀት ፊልትሮውን በበጋ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ከፍተን እንድናይ ከባለመኪናው ጋር ተስማምተናል። የመጀመሪያው ቀጠሮ ለኅዳር 2017 ዓ.ም. የተያዘ ነበር፤ የረጅም ጊዜው ቁጥር ያን ጊዜም +4 ላይ መሆኑንና በአቧራው ወራት ይለወጥ እንደሆነ አብረን ልናይ። የአሉሚኒየሙ ቱቦ ከነቀዳዳው ጋራዡ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ አዲስ ተለማማጅ ሲመጣ ካሊፐር አንሥቶ መጀመሪያ የሚለካው እሱን ነው።